ከአየር ላይ ሙቀት የሚቀዳ ቦይለር

እጃችሁን ከፍሪጅ ጀርባ ሰደድ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ይሞቃል። ከፊት እያቀዘቀዘ ከኋላ የሚሞቅ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ያንን ሙቀት የሞተሩ ልፋት ያመጣው ይመስለዋል። የተወሰነው እውነትም ከሞተሩ ነው። አብዛኛው ግን ከውስጥ የወጣ ነው። ሳይበርድ የገባው ድስት ላይ፣ የመጠጥ ውሃው ላይ፣ አትክልቱ ላይ የነበረው ሙቀት ተለቃቅሞ በጓሮ በር ይወጣል። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ሙቀት ያስወጣል እንጂ።

አሁን ይህንኑ ሥራ ገልብጣችሁ አስቡት። ሙቀቱ የሚቀዳው ከምግብ ሳይሆን ከክፍሉ አየር ይሁን። የሚራገፈውም ውሃ የሞላ ታንከር ውስጥ ይሁን። ሂት ፓምፕ የውሃ ማሞቂያ የሚባለው ይኸው ነው። የፍሪጅ ሥጋ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ዕቃ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ውሃ ለማሞቅ የምትከፍለውን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርድልሃል» ይላል። ሌላው ደግሞ «አስገብቼው ነበር፤ ቶሎ አያሞቅም፣ ይጮኻል፣ ቤቱንም ያቀዘቅዛል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገሩን ስከታተለው የቆየሁት ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ዕቃው ራሱ እምብዛም ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው በተተከለበት ክፍል፣ በታንከሩ መጠን፣ እንዲሁም እንደ ድሮው ቦይለር ልንጠቀምበት በመሞከራችን ላይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የትኛውም ፋብሪካ ሊደራደርበት አይችልም። ስለዚህ 200 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ እንዲደርስ 9.3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የግድ ታንከሩ ውስጥ መግባት አለበት።

የለመድነው ቦይለር ይህን የሚያደርገው ውሃው ውስጥ በተነከረ ሬዚስታንስ ነው። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ያልፋል፣ ሽቦው ይግላል፣ ውሃው ይሞቃል። 9.3 ሙቀት ለማግኘት ከቆጣሪው 9.3 ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የገባው ሁሉ ሙቀት ሆኗል። ብክነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር የሚያዞር፣ ኮምፒውተር የሚያሠራ፣ ክፍል የሚያበራ ምርጥ ጉልበት ነው። እሱን በቀጥታ ወደ ሙቀት መቀየር፣ ወንበርና ጠረጴዛ የሚወጣውን ጥሩ ሳንቃ ፈልጦ ማገዶ እንደ ማድረግ ነው። ይነዳል፣ ያሞቃልም። ግን ያሳዝናል።

ሂት ፓምፑ ኤሌክትሪኩን ሙቀት ለማምረት አያውለውም። ሙቀት ለማመላለስ ነው የሚያውለው። ከዚያ 9.3 ውስጥ 6 ያህሉን ከአየር ይቀዳል፤ ከቆጣሪው የሚወስደው 3 ያህሉን ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን የሚለኩበት ቁጥር ሲኦፒ ይባላል። ውሃው ያገኘውን ሙቀት ለተከፈለበት ኤሌክትሪክ ማካፈል ነው። የሬዚስታንስ ሲኦፒ ከ1 አይበልጥም። ጥሩ ቦታ የተተከለ የቤት ሂት ፓምፕ 3 አካባቢ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል።

«ከ1 በላይ እንዴት ይሆናል? ከየት የመጣ ትርፍ ነው?» የሚል ሰው ይገጥመኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትርፉ ከአየር የተወሰደ ነው፤ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ20 ዲግሪ ያለ አየር ለእኛ ሞቃት ላይመስለን ይችላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ሙቀት አለ። ችግሩ ውሃው ከአየሩ ይበልጥ መሞቅ ያለበት መሆኑ ነው። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁሉ ሙቀትም ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት በራሱ አይሄድም። ውሃን ከጉድጓድ ወደ ሰገነት ለማውጣት ፓምፕ እንደሚያስፈልገው ሙቀትንም ሽቅብ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። በቧንቧው ውስጥ በቀላሉ የሚተን ጋዝ ይዞራል። ለምሳሌ አር-134ኤ የተባለው በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው የሚፈላው። ለእንዲህ ያለ ነገር የክፍላችን አየር እንደ እሳት ነው። ፋን አየሩን በቀጫጭን ቧንቧዎች መካከል ይነፍሳል። ፈሳሹ ከአየሩ ሙቀት ጠጥቶ ይተናል። ከዚያ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል። የጎማ ጎሚስታ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አየር ሲታመቅ ይግላል። የጋለው ጋዝ በታንከሩ ዙሪያ በተጠመጠመው ቧንቧ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በጠባብ ቫልቭ አልፎ ግፊቱ ሲቀንስለት ይቀዘቅዛል። ዙሩም እንደገና ይጀምራል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን ማሽን ሙቀትን ለማንቀሳቀስ ሊያገለግል እንደሚችል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። ብዙም ሳይቆይ ኦስትሪያዊው ፒተር ፎን ሪቲንገር በኤበንሴ የጨው ፋብሪካ ውስጥ በዚህ መርህ የሚሠራ ማሽን አቆሙ። ሰው ፍሪጅን እቤቱ አስገብቶ ሲኖር፣ የዚያው ማሽን ሌላኛው ፊት ግን ለቤት ውሃ የሚገባውን ያህል ሳይሠራበት ቆይቷል።

እያንዳንዷ ዲግሪ ዋጋ አላት

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ማስታወቂያ የሚዘለው ክፍል ይህ ነውና።

ሲኦፒ በዕቃው ላይ ተጽፎ የሚቀር ቋሚ ቁጥር አይደለም። ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ሽቅብ መገፋት እንዳለበት ይወስነዋል። ፊዚክስ የሚፈቅደው ጣሪያ በቀላል ማካፈል ይገኛል። የውሃውን ሙቀት ከፍጹም ዜሮ ጀምረን እንቆጥርና (በሴንቲግሬዱ ላይ 273 መደመር ነው) በአየሩና በውሃው መካከል ላለው ልዩነት እናካፍለው። አየሩ 20፣ ውሃው 60 ከሆነ 333 ሲካፈል ለ40፣ ማለትም 8.3 ይመጣል። አየሩ 5 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ጣሪያው ወደ 6 ይወርዳል። በተቃራኒው አየሩን በ20 ትተን ውሃውን በ50 ብናቆመው ጣሪያው ወደ 10.8 ይወጣል።

እውነተኛ ማሽን የዚህን ጣሪያ ግማሽ እንኳ ማግኘቱ ጥሩ ነው። አቅጣጫው ግን አይቀየርም። ሞቃት ክፍልና መጠነኛ የውሃ ሙቀት ሲገናኙ ማሽኑ በቀላሉ ይሠራል። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚፋጅ ውሃ ሲጠየቅ ያለከልካል። አንድ ሰው «ሲኦፒው 4 ነው» ብሎ ሲሸጥላችሁ መጠየቅ ያለበት «በስንት ዲግሪ አየር? እስከ ስንት ዲግሪ ውሃ?» ነው። ይህን መመለስ ካልቻለ ቁጥሩ ብዙ አይጠቅማችሁም።

የወዳጄ ዕቃ ቤት

አንድ ወዳጄ አስገብቶት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለልኝ። «ተታልያለሁ መሰለኝ» አለኝ። ቆጣሪው እንደ ድሮው ነው የሚሮጠው። ምንም ጠብ ያለ ነገር የለም።

ሄጄ አየሁት። ማሞቂያው የተተከለው ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። የድሮው ቦይለር እዚያ ስለነበር የገጠመው ባለሙያ ቧንቧውን ሳይነካ እዚያው አቆመለት። በሩን ስከፍተው የመጣብኝን አልረሳውም። እግሬ ላይ ፍሪጅ የተከፈተ ያህል ቅዝቃዜ ፈሰሰብኝ። ግድግዳው ወርዝቷል። ፋኑ የራሱን ቀዝቃዛ ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው። የማሽኑ መስኮት ላይ ደግሞ ሂት ፓምፑ ሲያቅተው የሚተካው የመጠባበቂያ ሬዚስታንስ ምልክት በርቷል።

የሆነው ግልጽ ነው። ማሽኑ ውሃውን በ1.5 ኪሎዋት ያሞቃል እንበል። ከዚያ ውስጥ 1 ኪሎዋት ያህሉን ከክፍሉ አየር ነው የሚወስደው። የዕቃ ቤቱ አየር በግምት አራት ተኩል ሜትር ኩብ ነው። ከግድግዳው የሚመለስ ሙቀትና ከስንጥቅ የሚገባ አየር ባይኖር ኖሮ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ነበር። ግድግዳው ጥቂት ያግዘዋል። ግን እስከ መቼ? አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቀዳ ሙቀት አነሰ። ማሽኑም «አልቻልኩም» ብሎ ወደ ሬዚስታንሱ ዞረ። ወዳጄ ያስገባው ሂት ፓምፕ ነው። ሲጠቀም የነበረው ግን የድሮውን ቦይለር ነው።

በሩን ከማጠፊያው አውልቀን አስቀመጥነው። በቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆጣሪው በግልጽ ቀነሰ። ኋላ ላይ ከታችና ከላይ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው በር አሠራበት።

የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለእንዲህ ያሉ ማሞቂያዎች የሚመክረው 28 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያለበት፣ ዓመቱን ሙሉ ከ4 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የሚቆይ ቦታ ነው። ከዚያ ያነሰ ክፍል የሚበቃቸው ሞዴሎች አሉ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነም አየር ከውጭ የሚያመጣና የቀዘቀዘውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ መግጠም ይቻላል። አንዳንዱ ማሞቂያ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው። ኮምፕረሰሩ ውጭ ይቀመጣል፣ ታንከሩ ውስጥ። ይህ ዓይነቱ የክፍሉን ጥያቄ ከሥሩ ይፈታዋል፤ ውጭው በጣም በሚቀዘቅዝበት አገር ግን ለዚያ የተሠራውን መምረጥ ይጠይቃል።

ክፍሉን ማቀዝቀዙ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ሞቃት አካባቢ ላለ ሰው ነፃ ቅዝቃዜ ነው። እርጥበትም ይቀንሳል፤ ሻጋታ የሚያስቸግረው ምድር ቤት ያለው ሰው ይወደዋል። ክረምቱ ከባድ ሆኖ ቤቱን በማሞቂያ ለሚያሞቅ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ውሃው የወሰደውን ሙቀት የቤቱ ማሞቂያ መልሶ ሊተካው ነው። ያኔ ቁጠባው ከፊሉ በዚያ በኩል ይፈስሳል። ይህን ሳይናገሩ «አንድ ሦስተኛ» ማለት ለገዢው ቅን መሆን አይደለም።

ቀስ ብሎ የሚሠራ ዕቃ

ሁለተኛው የቅሬታ ምንጭ ፍጥነት ነው።

የ3 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ያንን 200 ሊትር ከ20 ወደ 60 ለማድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። 1.5 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ «ልታጠብ ስል ላብራው» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። ብዙዎቻችን ቦይለርን እንደ አምፖል ነው የምንጠቀምበት። ስንፈልግ እናበራለን፣ ስንጨርስ እናጠፋለን። ሂት ፓምፕን እንዲህ የያዘ ሰው ዘወትር ለብ ያለ ውሃ ነው የሚያገኘው። ይበሳጭና «ፈጣን» የሚለውን አማራጭ ይጫናል። ያ አማራጭ ደግሞ ሬዚስታንሱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ከመግዛት በፊት መታሰብ አለበት። ታንከሩ ካለፈው ከፍ ያለ ይሁን። 100 ሊትር የነበረው ቤት 150 ወይም 200 ቢያደርገው ማሽኑ ቀስ እያለ ይሞላዋል፣ ቤተሰቡም ሳይጨናነቅ ይጠቀማል። ታንከሩ ጥሩ መከለያ ካለው ሙቀቱ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ማብራት ማጥፋቱን ለማሽኑ መተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ዝግታው ራሱ ጥቅም ይዞ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ቀስ ብሎ የሚሠራ ዕቃ የትኞቹን ስድስት ሰዓታት መምረጥ ይችላል። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ያለው ሰው በቀትር ያስነሳዋል። ሌሊት ኤሌክትሪክ በሚረክስበት አገር ሌሊት ይሞቃል። 9 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የያዘ ታንከር የኤሌክትሪክ መረቡን ጫና ወደሚቀልበት ሰዓት የሚያሸጋግር ጎተራ ነው። የኮምፕረሰሩ ፍላጎት 500 ዋት አካባቢ ሲሆን የሬዚስታንሱ 3,000 ነው። ማታ ሁሉም ሰው እቤቱ በሚገባበት ሰዓት አንድ ሰፈር ሙሉ 3,000 ዋት በየቤቱ ሲያበራና 500 ዋት ሲያበራ ለትራንስፎርመሩ አንድ አይደለም። እኔን ከግለሰብ ቁጠባው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢኮ ኪዩት የተባለውን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንደ ማሞቂያ ጋዝ የሚጠቀም የቤት ማሞቂያ ለገበያ አወጡ። ማሽኑ ሌሊት ሌሊት ውሃ አሙቆ ትልቅ ታንከር ውስጥ ያስቀምጣል። ቤተሰቡ ቀንና ማታ ይጠቀምበታል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ገብቷል። አሁን የፀሐይ ኤሌክትሪክ እየበዛ ሲመጣ ደግሞ ሥራቸውን ወደ ቀን ያዞሩ ሞዴሎች መጥተዋል።

በ60 ይሁን በ50?

ከላይ እንዳየነው ውሃውን ዝቅ ባለ ዲግሪ ማቆም ይቆጥባል። እንግዲያው በ45 ለምን አናቆመውም? ለመታጠብ ከ40 ዲግሪ ብዙም የበለጠ አንፈልግም።

አይቻልም። ምክንያቱ ሌጂዮኔላ የምትባል ባክቴሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ በተነሳ ብርቱ የሳንባ ምች የታወቀች ናት። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። የምትጎዳው በመጠጣት ሳይሆን በአብዛኛው የሻወር ጉም ሲተነፈስ ነው። በ60 ዲግሪ በደቂቃዎች ትሞታለች። በ50 መራባት አትችልም፤ ለመሞት ግን ሰዓታት ይወስድባታል።

ስለዚህ ብዙ ማሽኖች በ50ዎቹ ውስጥ እየሠሩ በየሳምንቱ ወይም በየተወሰነ ቀን ውሃውን ወደ 60 እና ከዚያ በላይ አንድ ጊዜ ያወጡታል። ይህን ፕሮግራም «ኃይል ይበላል» ብሎ ማጥፋት ስህተት ነው። እቤት አዛውንት ወይም ሳንባው የደከመ ሰው ካለማ በፍጹም። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ይልጣል። ሕፃን ያለበት ቤት ከታንከሩ መውጫ ላይ ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚያደባልቅ ቫልቭ ያስገጥም። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ሁለቱን ስጋት አንድ ላይ ትገላግላለች።

ድምፅና የሚንጠባጠብ ውሃ

ድምፁ እንደ ሞዴሉ ከ45 እስከ 60 ዴሲቤል ይደርሳል። ከፍሪጅ ከፍ ይላል። ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጋር አታያይዙት። ውጭ የሚቀመጠውንም ከጎረቤት መስኮት አርቁ።

አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። እርጥብ አካባቢ በቀን ጥቂት ሊትር ይሆናል። መውረጃ ቧንቧ ያስፈልገዋል። የአየር ማጣሪያውን በየጥቂት ወሩ ማጠብ፣ በታንከሩ ውስጥ ያለውን የማግኒዚየም ዘንግ በየጥቂት ዓመቱ ማሳየት ነው። ዘንጉ ዝገቱን በራሱ ላይ እየወሰደ ታንከሩን ያድነዋል። ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል። ውሃው ጨዋማ ወይም ኖራ የበዛበት ከሆነ ቶሎ ቶሎ ማየት ነው። ዕቃው በደህና ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል።

የጋዙ ነገር

ስለ አየር ንብረት ብለን የምንገዛው ዕቃ ራሱ የሚያሞቅ ጋዝ መያዙን መሸፈን አልፈልግም። አር-134ኤ ወደ አየር ቢለቀቅ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። አንድ ኪሎ ቢያፈስ ወደ 1.4 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል ማለት ነው። ጋዙ ዝግ ስለሆነ በሥራ ላይ እያለ በደንብ ከተሠራ አይወጣም። አደጋው የሚመጣው ያልሠለጠነ እጅ ሲከፍተውና አሮጌው ሲጣል ነው።

ዓለም በዚህ ጉዳይ አልተኛችም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች ተሰብስበው የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ የወጣውን የ1987ቱን የሞንትሪያል ስምምነት አሻሻሉ። እንዲህ ያሉ ጋዞች ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ወሰኑ። ማሻሻያው ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ፋብሪካዎችም ወደ ሁለት ነገር እየዞሩ ነው። አንዱ ጃፓኖች የጀመሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ለአር-134ኤ 1,430 ያልነው ቁጥር ለእሱ 1 ነው። ሌላው አር-290 ነው። ይህ ፕሮፔን ነው፤ ምግብ የምናበስልበት ጋዝ ዘመድ። ይኸው ቁጥር ለእሱ ከ3 ብዙም አያልፍም፣ ሥራውም በጣም ጥሩ ነው። እሳት የሚይዝ በመሆኑ ግን ቤት ውስጥ በሚተከሉት ውስጥ የሚሞላው በጣም ጥቂት ነው። ምርጫ ካላችሁ ከእነዚህ ሁለት አንዱን ያዙ። ጋዙ በዕቃው ስም ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

ለምን አሁን?

የውሃ ማሞቂያ ማንም የማያየው፣ ጥግ የሚቆም ዕቃ ነው። በአሜሪካ ቤቶች ግን ከሚፈጀው ኃይል 18 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ውሃ ለማሞቅ ነው። የአገሪቱ የኃይል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 ደንብ ያወጣው ይህን አይቶ ነው። ደንቡ ከ2029 ጀምሮ በተለመደው መጠን ላሉ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ ባለታንከር ማሞቂያዎች ያስቀመጠው የብቃት ደረጃ ሬዚስታንስ ብቻ ያለው ዕቃ ሊደርስበት የማይችለው ነው። የሬዚስታንስ ጣሪያ 1 ነው ብለናል። ደረጃው ከሁለት በላይ ነው። ሂት ፓምፕ ግዴታ ነው ብሎ መጻፍ እንኳ አላስፈለገም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

«የፀሐይ ማሞቂያ እያለ ይህ ለምን?» የሚል ሰውም አለ። ጣሪያው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ሰማዩ ብዙ ወር የሚጠራለት ሰው ከሆነ እሱን ይግጠም። ከዚያ የሚቀል መንገድ የለም። ሂት ፓምፕ የሚያስፈልገው ጣሪያው የራሱ ላልሆነ፣ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ደመና ለሚበዛበት ሰው ነው። አየር በየትም አለ።

ሁሉም ሰው ይግዛው አልልም። ብቻውን የሚኖር፣ በቀን አንድ ጊዜ በአጭሩ የሚታጠብ ሰው በዓመት የሚቆጥበው ትንሽ ስለሚሆን የዕቃውን ልዩነት ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ኤሌክትሪክ ቶሎ ቶሎ ለሚቆራረጥበት ቤትም ኮምፕረሰሩን ከቮልቴጅ መዋዠቅ የሚጠብቅ ነገር ሳይገጠም መትከል አደጋ አለው። አራትና አምስት ሆኖ የሚኖር፣ ሙቅ ውሃ በየቀኑ የሚፈስስበት ቤት ግን ስሌቱ ግልጽ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚከፋው። ሰው የውሃ ማሞቂያ የሚገዛው መቼ ነው? አሮጌው ሲፈነዳ። ወለሉ ውሃ ሆኗል፣ ልጆቹ ነገ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ስለ ሜትር ኩብ የሚያስብ የለም። «ያው እንደ ድሮው አድርግልኝ» ይባላል። ድሮውም ለሌላ 12 ዓመት ይተከላል። የወዳጄም ዕቃ ቤት የተመረጠው በእንዲህ ያለ ጥድፊያ ነበር።

ስለዚህ አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ አንድ ቀን ሜትር ይዛችሁ ግቡ። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዙ። በሩ አየር ያሳልፍ እንደሆነ እዩ። ወለሉ ላይ ውሃ መውረጃ አለ? ካልሆነ በቅርብ ያለው የት ነው? አዲሱ ታንከር ቁመቱ ስለሚረዝም ከጣሪያው ጋር ይጋጭ ይሆን? ቀጥሎ የአሮጌውን ስም ሰሌዳ ፈልጉ፤ የተሠራበት ዓመት ላዩ ላይ ይገኛል። አሥር ካለፈው የለካችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሁን።